አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን!

ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር ጠብ አለኝ። ቃሉ «አይዞህ» ነው። (ለሴት «አይዞሽ»፣ ለብዙ «አይዟችሁ»፣ ለአንቱታ «አይዞዎት»… ጠቤ ከመላው ቤተሰቡ ጋር ነው።) ለቅሶ ቤት፣ ሆስፒታል፣ የማትሪክ ውጤት የወጣ ቀን ቃሉ ወርቅ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የሚያናድደኝ ተራራ ላይ ሲነገር ነው። ተራራ ላይ «አይዞህ» የምንለው ሰውየው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ነዋ! ከንፈሩ የጠቆረው፣ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው፣ ቁርሱን ያስመለሰው… ለሁሉም የምናዝዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረን፣ ደርሰናል!»

እስቲ ቃሉ በብዛት ከሚመረትበት ቦታ እንጀምር። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ የሐበሻ ልብስ ሱቆች በራቸውን ሳይከፍቱ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ በሰው ይሞላል። በየካ በኩል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በእግር መንገድ የሚወጡም አሉ። አዲስ ስኒከር ያደረገ፣ ስልኩን ክንዱ ላይ ያሰረ፣ ትናንት ማታ ስንት እንደጠጣ ፊቱ የሚመሰክርበት፣ ሁሉም አለ። በመሃል ደግሞ እውነተኞቹ አትሌቶች እንደ ንፋስ ሽው ብለው ያልፋሉ፤ እኛም በእነሱ ቀንተን 50 ሜትር ሮጠን፣ ወገባችንን ይዘን እንቆማለን። «አይዞህ!»

በዚያው መንገድ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚወጡ እናቶችን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? አይሮጡም። አይቆሙምም። ከታች ጀምረው እስከ ላይ በአንድ ልክ፣ እያወሩ ይሄዳሉ። እንጨት ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱት እናቶችም ዘመናቸውን ሙሉ እንደዚያው ነበሩ፤ እርምጃቸው አጭር፣ አተነፋፈሳቸው ከእርምጃቸው ጋር የተስማማ። ሁለት ዓመት ጂም የሠራው ጎረምሳ አሥር ጊዜ ሮጦ አሥር ጊዜ ሲቆም፣ እማማ አሥር ጊዜ ያልፉታል፤ ራጉኤል ሲደርስም ቀድመው ተሳልመው መመለሻቸው ነው። መስከረም 1 ለራጉኤል ንግሥ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ጭቃ ላይ ያን ያህል ሕዝብ ወጥቶ የሚመለሰው አሠልጣኝ ቀጥሮ አይደለም። ስለ ተራራ አወጣጥ የሚጻፈው መጽሐፍ ሁሉ የመጀመሪያ ምዕራፉ ይሄው ነው፦ ማውራት እስከምትችሉ ድረስ ብቻ ፍጠኑ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የሃይኪንግ ግሩፕ እንደ አሸን ፈልቷል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህማ ጫካና ተራራ የወጣቱ ፋሽን ሆኗል። እኔ በዚህ ደስ ከሚላቸው አንዱ ነኝ። ቅዳሜና እሁዱን በጫት ቤትና በፑል ቤት ሲጨርስ የነበረ ጓደኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ወንጪን፣ ዝቋላን፣ ወጨጫን በእግሩ ሲያዳርስ እንዴት አልደሰትም? ችግሩ የሚጀምረው ግሩፑ ከፍታ ሲጨምር ነው። ዝቋላ ከ3,000 ሜትር በታች ነው። ወጨጫ 3,300 ትንሽ አለፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ቴሌግራሙ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ቱሉ ዲምቱ ይላል (4,377 ሜትር)፤ ራስ ደጀን ይላል (ከ4,500 ሜትር በላይ)፤ ትንሽ ብር ያለው ደግሞ ኪሊማንጃሮ ይላል (5,895 ሜትር)። ማስታወቂያው ላይ ግን የተቀየረው የተራራው ስምና ዋጋው ብቻ ነው። «ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ፎቶ፣ ድሮን፣ ዲጄ…» ዲጄ! 4,000 ሜትር ላይ ዲጄ! ከፍታውን እንዴት እንደምንለማመድ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ስንት ሜትር ላይ እንደምናድር፣ አንድ ሰው ቢታመም በምን እንደሚወርድ ግን አንድ መስመር የለም።

ይሄን ጥያቄ አንስታችሁ ከሆነ የሚሰጣችሁን መልስ ታውቁታላችሁ። «እኛ እኮ ደገኞች ነን! ከፍታ የሚይዘው ፈረንጅን ነው።»

ይሄ አባባል ግማሽ እውነት ስላለው ነው አደገኛ የሆነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ዓለምን ያስደነቀ ውጤት አሳተመ። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ደማቸው በሂሞግሎቢን ወፍሮ ነው፤ የቲቤቶቹ ደግሞ ደማቸው ባይወፍርም የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የስሜኖቹ ግን በሂሞግሎቢንም ሆነ ደማቸው በሚይዘው የኦክስጅን መጠን ባህር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለዩም! የሚገርም ነው፣ የሚያኮራም ነው። ግን ወንድሜ፣ የተመረመሩት እነዚያ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ እዚያው የኖሩት ናቸው። አንተ የተወለድከው ዘውዲቱ ሆስፒታል፣ ያደግከው ገርጂ ነው። ስሜን ስትሄድ የእነሱን ደም በአደራ አይሰጡህም።

እኛ ያለን ጥቅም አለ፤ አልክድም። አዲስ አበባ መሃሏ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጅቡቲ ተነስቶ ከሚመጣ ሰው ቀድመን እንጀምራለን። አንድ ደረጃ ቀድሞ መጀመር ግን መጨረስ አይደለም። የአየሩን ግፊት በባህር ጠለል 100 ብንለው አዲስ አበባ ላይ ወደ 75 ነው፤ እንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ላይ 68 ገደማ፤ ራስ ደጀን ላይ ወደ 57 ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ነው። ከእንጦጦ ወደ ደጀን ስትሄዱ የምታጡት ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ከምታጡት ይበልጣል። ስለዚህ «እንጦጦን እኮ ሳላርፍ ነው የምወጣው» ማለት ለደጀን ዋስትና አይሆንም። እንጦጦ እግርን ያዘጋጃል፤ ደምን አያዘጋጅም። ወጥተን፣ ማኪያቶ ጠጥተን፣ ወርደን ቤታችን ስለምናድር።

ጂምም አያድንም። ይሄን ብዙ ሰው አያምንም። የከፍታ ሕመም ጡንቻ አይቶ አይመርጥም፤ እንዲያውም ጎበዙ ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ ሊያዘው ይችላል።

አንዲት ጓደኛዬ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። (ስሟንም የግሩፑንም ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግሩፕ ጉዳይ አይደለም።) ባሌ ሄዱ። ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ተነስተው፣ ቆላውንም ወይና ደጋውንም በአውቶቡስ አልፈው፣ ማታ ላይ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ቦታ ድንኳን ተከሉ። ለምን እዚያ? ለፀሐይ መውጫ ፎቶ። ሌሊት ራሷን አመማት። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» አለች። ይቺን ልብ በሏት! አበሻ ራስ ምታቱን ሁሉ በቡና ነው የሚተረጉመው። አንዱ ፓራሲታሞል ሰጣት። ንጋት ላይ ምግብ ጠላች፤ ትንሽ ቆይታ አስመለሳት። «መንገዱ ነው፣ አይዞሽ።» መውጣት ጀመሩ። ከሁሉም ኋላ ቀረች። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን።» ከዚያ እግሯ ይጠላለፍ ጀመር፤ ሰክራለች እያሉ ቀለዱባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። ያወረዳት ዕቃ የጫነው ባለ ፈረሱ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ፊቷን አንድ ጊዜ አይተው «ልጆቼ፣ ይቺን ልጅ አየሩ ይዟታል፤ አሁኑኑ ትውረድ» አሉና ጭነቱን አራግፈው እሷን አስቀመጧት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ታች ስትደርስ ሻይ ጠይቃ ጠጣች። አስተባባሪው ግን አኩርፎ ነበር። ፕሮግራሙ ተበላሽቶበታል!

አባባ ያዩትን ነገር ሐኪሞችም ያስተምሩታል፤ ከባድ ትምህርት አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ አዲስ ከፍታ ላይ ወጥታችሁ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከፍታው ነው ብላችሁ ውሰዱት። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተሉታል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ባለበት ካረፈ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል፤ ወደ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ግን የለበትም። ሁለት ነገሮች ከመጡ ደግሞ እረፍትም አይበቃም። አንደኛው ተቀምጦ እንኳን ትንፋሽ ማጠርና ማሳል ነው፤ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ነው ማለት ነው። ሌላው እንደ ጓደኛዬ መንገዳገድና ነገር መዘበራረቅ ነው፤ አንጎል እያበጠ ነው ማለት ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ይገድላሉ። የሚሻለው መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ለብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር። ዲያሞክስ የሚባለው መድኃኒት አለ፤ ይረዳል፣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አነጋግራችሁ የሚወሰድ እንጂ ድንኳን ውስጥ ከጓደኛ ኪስ የሚቀበሉት ማስቲካ አይደለም።

ደግሞም እዚህ አገር ሄሊኮፕተር መጥቶ ያነሳኛል ተብሎ የሚወጣበት ተራራ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939ም 907ም አለ፤ እንጦጦ ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው መንገድ ዳር እስኪደርስ ነው ችግሩ። ደጀን ላይ ግን አምቡላንሱ በቅሎ ነው። በቅሎው ቀድሞ ካልተከራየ እሱም የለም።

ከፍታን መልመድ የሚቻለው በእንቅልፍ ነው። ቀን የፈለጋችሁትን ያህል ውጡ፤ የሚቆጠረው የምታድሩበት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ፤ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እረፉ። የስሜን የእግር ጉዞ የተሠራው ይሄን ሕግ አውቀው ነው ያስብላል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ላይ ታድራላችሁ፤ ሳንቃበር 3,250፤ ግጭ 3,600፤ ጨነቅም ከግጭ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዚያ በቧሂት በኩል ከ4,000 በላይ ወጥታችሁ አየሩን ቀምሳችሁ፣ ያው ቀን ወደ አምቢቆ 3,200 ትወርዳላችሁ። በማግስቱ ነው ደጀን። ሰውነት በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እየተማረ ይሄዳል። አሁን ግን ጊዜ ለመቆጠብ በመኪና ቀጥታ ጨነቅ ወስዶ ማሳደር ተለምዷል። ባሌም ላይ የሳነቴ መንገድ መኪናን 4,000 ሜትር ላይ ስለሚያወጣ ሰው ከመኪናው ወርዶ ይጨፍራል። አንድ ሰዓት ጨፍሮ መውረድና እዚያ ማደር አንድ አይደሉም።

(በነገራችን ላይ ወደ ስሜን የሚታሰብ ጉዞ ከአየር ጠባይ በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ካለ ሰው ሳይጠይቁ ትኬት መሸጥ ወንጀል ባይባል ነውር ነው። ስካውት ይዞ መሄድም የፓርኩ ሕግ ነው፤ ለፎቶ ማድመቂያ አይደለም። ያ ስካውት ኮንጎ ጫማውን አድርጎ፣ ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ ፊታችሁ እያፏጨ ሲሄድ አትከተሉት። እሱ ከተመረመሩት 236ቱ የአንዱ ልጅ ሊሆን ይችላል።)

ከአየሩ ቀጥሎ ሰው የሚያጠፋው ሰዓት ነው። ከአምቢቆ እስከ ደጀን ጫፍ 1,300 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ዳገት ሁለቴ ደራርባችሁ አሁንም አልደረሳችሁም። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቀላል ሒሳብ አለች፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ይሄ ለጤነኛ፣ ለማይቆም፣ ሴልፊ ለማያነሳ ስኮትላንዳዊ ነው። ለእኛ ግሩፕ በሁለት ብታባዙት አልተጋነነም። ደርሶ መልሱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚፈጅ መንገድን ቁርስ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ግሩፕ መቼ ሊመለስ ነው? ማታ 12 ሰዓት ከሩብ በኋላ እኮ ጨለማ ነው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለተራራ የተመቸ ነው፤ 12 ስትቀርብ ቀኑ ማለቁን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ስለዚህ መመለሻ ሰዓት ከመነሳት በፊት ይቆረጣል። «7 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን» ይባላል፤ ጫፉ ቢታይም፣ ሃያ ደቂቃ ቢቀርም። በግንቦት ወር 1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በፊልም አይታችሁታል። ከቀኑ 8 ሰዓት መመለስ ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ግን ከዚያ በኋላም ሽቅብ ይሄዱ ነበር፤ ማዕበል መጣና በአንድ ቀንና ሌሊት 8 ሰዎች ተራራው ላይ ሞቱ። ከሟቾቹ ሁለቱ፣ ሮብ ሆልና ስኮት ፊሸር፣ የጉዞ መሪዎች ነበሩ፤ ያውም በሙያቸው የተመሰከረላቸው። እነሱን ያልማረ ተራራ የቴሌግራም አድሚንን ይምራል ብዬ አላስብም።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ ልናገር፤ ጥጥ! ጋቢን የማይወድ የለም፤ ድንኳን ውስጥ ደርቦ ለመተኛት ከጋቢ የሚበልጥ አላውቅም። ግን ጋቢ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፤ ጂንስም፣ የግሩፑ ስም የታተመበት የጥጥ ቲሸርትም እንደዚያው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ስሜን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ንፋስ አለ። በላብ የረጠበ ቲሸርት ለብሶ ጫፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ፎቶ የሚነሳ ሰው ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ከቅርብ ሲያዩት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «የሃይኪንግ ዕቃ ውድ ነው» ለሚለኝ መልሴ ሰልባጅ ነው። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ሱፍ ሹራብ፣ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፣ የዝናብ ጃኬት በአንድ የቦሌ ፒዛ ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ፈልጉ እንጂ። ጫማ ግን አዲስ ገዝታችሁ በዚያው ሳምንት ደጀን እንዳትሄዱ። መጀመሪያ እንጦጦ አራት አምስት ጊዜ ያሻሽላችሁ፤ ተረከዛችሁ ይላጥ፣ ይዳን።

ስንቅ ላይ ከማንም አናንስም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቆሎ… አያቶቻችን ለዘመቻ የያዙት እኮ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ ምግብ ነው። ኬክ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ግሩፕ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የጾም ነገር አለ። በሃይማኖት ጉዳይ አልገባም፤ በፕሮግራም አውጪው ጉዳይ ግን እገባለሁ። ከግሩፑ ግማሹ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ በማይቀምስበት የዐቢይ ጾም ሳምንት፣ ወይም በረመዳን፣ የ1,000 ሜትር ዳገት መያዝ ምን የሚሉት አስተዋይነት ነው? ጿሚው ልጅ «አልችልም» አይልም፤ ያፍራል። ማፈሩን አውቆ ቀኑን መቀየር የአስተባባሪው ሥራ ነው።

ወደ እንጦጦ ልመለስ። ደምን አያዘጋጅም አልኩ እንጂ አይጠቅምም አላልኩም። ለትልቅ ተራራ ሁለት ወር ቀድሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንጦጦን በትክክል የወጣ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቷል። በትክክል ማለት ባዶ እጅ ተንሸራሽሮ መመለስ አይደለም። ቦርሳ ውስጥ ስድስት ሰባት ሊትር ውሃ ጭናችሁ ውጡ፤ ጫፍ ላይ ለጉልበታችሁ ስትሉ ደፍታችሁት ውረዱ። (ከተቻለ ችግኝ ላይ ድፉት፤ ባህር ዛፉ እንኳን ይቅርበት።) ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው፤ እያሯሯጡ መውረድ ጀግንነት መስሎ የሚታየው እስከ ሠላሳ ዓመት ድረስ ብቻ ነው። በካፊያ ውጡና የዝናብ ልብሳችሁ የት እንደሚያፈስ እወቁ። መብረቅ ሲመጣ ግን ሌላ ነው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ ከጋራው ጫፍ ውረዱ፤ ብቻውን የቆመ ረጅም ባህር ዛፍ ሥር መጠለል የመጨረሻው ስህተት ነው። ጫካው ውስጥ ለብቻ፣ በተለይ ሲመሽ፣ አትሂዱ፤ ጅቡም አለ፣ ከጅብ የባሰውም አለ። በቡድን ስትሄዱ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ቀርፋፋው ይሁን። ጎበዙን ከኋላ አድርጉት፤ ጎበዝ ከሆነ ይታገስ። እዚህ፣ ታክሲ በሚጠራበት ተራራ ላይ፣ አንድ ሰው ጥለው የሚወርዱ ልጆች ደጀን ላይ አይጥሉም ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አይደለሁም።

መውረድ ያሳፍራል የምትሉ ካላችሁ እንጦጦ ራሱ ታሪክ አለው። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ላይ ሠርተው፣ ማርያምን ደብረው፣ ራጉኤልን ደብረው ተቀምጠው ነበር። ቅዝቃዜው፣ ንፋሱ፣ የስንቁ ማመላለስ አስቸገረ፤ እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ሙቀት ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ዛሬ የምንኖርባት ከተማ እኮ የተገኘችው ንጉሡና እቴጌይቱ «ከዚህ ተራራ እንውረድ» ስላሉ ነው። ያን ጊዜ ከአጠገባቸው አንዱ «አይዞዎት ጃንሆይ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ ቢያግዳቸው ኖሮ አሁን ሁላችንም እዚያ ላይ በብርድ እንንዘፈዘፍ ነበር!

እና አሁን፣ ለሚቀጥለው ትልቅ ጉዞ ብር ከመላካችሁ በፊት አስተባባሪውን ጠይቁት። የመጀመሪያውን ሌሊት ስንት ሜትር ላይ ነው የምናድረው? የመመለሻ ሰዓታችን ስንት ነው? ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ማነው? በቅሎ ወይም ፈረስ ተከራይቷል? አንድ ሰው ራሱን ቢያመው «አትወጣም» የማለት ሥልጣን የማነው፣ የማያወጣውስ ማን አብሮት ይቀራል? መንገድ ላይ ደግሞ የደከመ ሰው ስታገኙ ከ«አይዞህ» በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ራስህን ያምሃል? ምግብ አስጠልቶሃል? እስቲ ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ ሂድልኝ? ካልቻለ ጉዞው ለእሱም፣ አብሮት ለሚወርደውም ሰው አልቋል።

አስተባባሪው መልሱ «አይዞህ፣ አታስብ» ከሆነ ብርህን ኪስህ ውስጥ መልሰው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ እንገናኝና ራጉኤል እንውጣ። ውሃና የዝናብ ልብስ ይዘህ ና፤ በሶውን እኔ አመጣለሁ።